ዳታና ኢቨንት፦ የመጀመሪያውን የጂስትሪመር ፕለጊናችንን ስንጽፍ የተማርነው

ይህ ጽሑፍ ሁለት ዓይነት ሰዎች እጅ እንደሚገባ እናውቃለን። አንዳችሁ ኮምፒውተር ሳይንስ ወይም ምህንድስና የምትማሩ ጓደኞቻችን ናችሁ። ሌሎቻችሁ መጽሔቱን ልጆቻችሁ ይዘውላችሁ የሚመጡ እናቶችና አባቶች ናችሁ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ክፍል ለሁላችሁም ነው። መካከሉ ትምህርት ስለሆነ ፕሮግራም መጻፍ የማይመለከታችሁ ዘላችሁ ብትሄዱ አንቀየምም።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ

ቃታሞኒም ውስጥ ብዙ ቤት ገብታችሁ መሳቢያ ብትከፍቱ ካሴት ታገኛላችሁ። የሠርግ ዘፈን ያለበት አለ፣ የቄሶች ጸሎት ያለበት አለ። ከሁሉ የሚበልጥብን ግን የድምፅ ደብዳቤ ነው። ጎንደርና አዲስ አበባ ሆነው ተራቸውን ሲጠባበቁ የነበሩ፣ ፊደል ያልቆጠሩ ብዙ ወላጆቻችን ለልጆቻቸው ወረቀት አይጽፉም ነበር። ድምፃቸውን በካሴት ቀድተው በመንገደኛ እጅ ይልኩ ነበር።

ተመራማሪዎች የቀዱት ድምፅ ጠባቂ አለው። ኬይ ካውፍማን ሸለመይ እ.ኤ.አ. በ1973 ኢትዮጵያ ሄደው የቤተ እስራኤልን ጸሎት በቴፕ ቀድተዋል፤ በዚያም ላይ መጽሐፍ ጽፈዋል። እዚሁ ኢየሩሳሌም የእስራኤል ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ትልቅ የድምፅ ማኅደር አለው። በየቤታችን መሳቢያ ያለው ካሴት ግን ከእኛ ሌላ ጠባቂ የለውም። ቴፑ ያረጃል፣ ይጣበቃል፣ ማጫወቻውም እንደ ድሮው በየቦታው አይገኝም።

ስለዚህ ጥቂት ተማሪዎች ተሰባስበን አንድ የካሴት ማጫወቻ ከኮምፒውተር ጋር አገናኘንና የሰፈሩን ካሴቶች ወደ ፋይል መገልበጥ ጀመርን። ለሥራው የመረጥነው ጂስትሪመርን ነው። ጂስትሪመር ነፃ የሆነ የመልቲሚዲያ ማዕቀፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ተጀምሮ 1.0 የሚባለው እትሙ በ2012 ወጣ። ድምፅና ምስል የሚያነቡ፣ የሚለውጡ፣ የሚጽፉ ትናንሽ ክፍሎችን እንደ ቧንቧ እየቀጣጠልን እንድንሠራ ያስችለናል። የጎደለ ክፍል ካለ ደግሞ ራሳችን ፕለጊን ጽፈን እንጨምራለን።

እኛም አንድ ክፍል ጎደለን። በድምፅ ደብዳቤ ላይ ሰው አንዴ ወደ ማይክሮፎኑ ቀርቦ ይናገራል፣ አንዴ ይርቃል፤ ልጅ ያለቅሳል፣ ዶሮ ይጮኻል። የራቀውን ድምፅ ከፍ፣ የቀረበውን ዝቅ የሚያደርግ ማመጣጠኛ ፈለግን። ማመጣጠኛው በድንገት እንዳይጮኽ ወደ ፊት 3 ሰከንድ አይቶ፣ የሚመጣውን ከፍተኛ ድምፅ አውቆ መወሰን አለበት። ስለዚህ ሁልጊዜ 3 ሰከንድ ድምፅ በእጁ ይዞ ይቆያል። ስህተታችን የመጣው ከዚህ ከተያዘው 3 ሰከንድ ነው።

አንድ እናት ከጎንደር የተላከላቸውን የወላጅ እናታቸውን ካሴት አመጡልን። ገልብጠን በጆሮ ማዳመጫ አሰማናቸው። እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙ። ሲያልቅ ማዳመጫውን አውርደው «ልጆቼ፣ ይህ አላለቀም» አሉን። «እናታችን፣ ፋይሉ እዚህ ላይ ነው የሚያልቀው» አልናቸው። «እኔ እኮ ስንቴ ሰምቼዋለሁ። መጨረሻው ላይ ‹በኢየሩሳሌም ያገናኘን› ትላለች። የት አደረጋችሁት?» አሉ።

ካሴቱን መልሰን አጫወትነው። እንዳሉት ነበር። እኛ ፋይል ላይ ግን የለም። ኮምፒውተሩ አንድም የስህተት ማስታወቂያ አላወጣም፤ ፋይሉም ደኅና ይከፈታል። የጎደለው በትክክል 3 ሰከንድ ነበር።

ቅፍለትና መልእክተኛ

ስህተቱን ለመረዳት በጂስትሪመር ቧንቧ ውስጥ ምን እንደሚሄድ ማወቅ ያስፈልጋል። የድሮ የሲራራ ነጋዴዎችን ቅፍለት አስቡ። በቅሎዎች ጭነት ተሸክመው በሰልፍ ይሄዳሉ። በመንገዱ ላይ ኬላዎች አሉ። እያንዳንዱ ኬላ መግቢያና መውጫ በር አለው።

ኬላው ኤለመንት ነው፤ በሮቹ ፓድ ይባላሉ። በቅሎዋ ከነጭነቷ በፈር ናት። በፈር ውስጥ ዳታው አለ፤ በላዩ ላይ ደግሞ ይህ ድምፅ በስንት ሰዓት እንደሚጫወት፣ ምን ያህል እንደሚቆይ የሚናገር ምልክት አለ። ጊዜው የሚቆጠረው በናኖሰከንድ ነው፤ ማለትም 1 ሰከንድ 1,000,000,000 ነው።

ከበቅሎዎቹ ጋር መልእክተኞች ይሄዳሉ። እነዚህ ኢቨንቶች ናቸው። ኢቨንት ጭነት አይሸከምም፤ ስለ ጭነቱ ይናገራል። መልእክተኞቹም ሦስት ዓይነት ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ በሰልፉ መካከል ገብተው፣ ተራቸውን ጠብቀው የሚሄዱ ናቸው። ከፊታቸው ያለችውን በቅሎ አይቀድሙም፣ ከኋላቸው ያለችውም አትቀድማቸውም። ሁለተኛዎቹ ከሰልፉ ወጥተው በፈረስ እየጋለቡ የሚያልፉ ናቸው። ሦስተኛዎቹ ወደ ኋላ፣ ወደ ተነሣንበት የሚመለሱ ናቸው፤ ለምሳሌ አድማጩ «10ኛው ደቂቃ ላይ ጀምርልኝ» ሲል «ሲክ» የሚባለው ኢቨንት ከመጨረሻው ኤለመንት ተነሥቶ ወደ ምንጩ ይሄዳል።

ጀማሪ ፕለጊን ጸሐፊ በፈርን በደንብ ይይዛል፤ ምክንያቱም ድምፁ ያለው እዚያ ነው። ኢቨንትን ግን እንደ ትርፍ ያየዋል። እኛም እንዲሁ አደረግን።

ዳታው ሲመጣ

በመቀበያው ፓድ ላይ አንድ በፈር በደረሰ ቁጥር «ቼይን» የሚባለው ፈንክሽናችን ይጠራል። የእኛ ሥራ በቅደም ተከተል ይህ ነው፦

1. የዳታው ዓይነት መታወቁን ማረጋገጥ። በሰከንድ ስንት ናሙና እንዳለ ሳናውቅ 3 ሰከንድ ስንት እንደሆነ ማስላት አንችልም። ካልታወቀ «ስምምነት አልተደረገም» የሚለውን መልስ ሰጥተን እንመለሳለን።

2. በፈሩ ላይ «ከዚህ በፊት ከነበረው ጋር አይያያዝም» የሚል ምልክት ካለ በእጃችን ያለውን አስቀድመን አሟጥጠን መላክ። አለዚያ ሁለት የማይገናኙ ድምፆች ይቀጠላሉ።

3. አዲሱን በፈር ወደ ማጠራቀሚያው መጨመር። ለዚህ ጂስትሪመር «አዳፕተር» የሚባል የተዘጋጀ ዕቃ አለው፤ በአንድ በኩል በፈር ይገባል፣ በሌላው በኩል በፈለግነው መጠን ይወጣል።

4. ከ3 ሰከንድ በላይ የሆነውን አውጥቶ፣ አመጣጥኖ፣ ጊዜውን ጽፎ በመውጫው ፓድ መላክ።

5. ስንልክ የተሰጠንን መልስ ማየት። ወደ ፊት ያለው ኤለመንት እምቢ ካለ እኛም ሥራውን አቁመን ያንኑ መልስ ወደ ኋላ እንመልሳለን። መልሱን ውጦ «ደኅና ነው» ማለት ከፍተኛ ስህተት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በፈር በእጃችን ከገባ የእኛ ኃላፊነት ነው። ወይ ወደ ፊት እንልከዋለን፣ ወይ እንለቀዋለን። ሁለቱንም ካላደረግን ማኅደረ ትውስታው ቀስ በቀስ ይሞላል። ሁለቱንም ካደረግን ደግሞ ሌላው ኤለመንት እየተጠቀመበት ያለውን ከእጁ እንነጥቀዋለን፤ ፕሮግራሙም ይወድቃል።

በቁጥር እንየው። እኛ የምንቀዳው በሰከንድ 48,000 ናሙና፣ በ24 ቢት፣ በአንድ ቻናል ነው። አንድ ናሙና 3 ባይት ስለሆነ በሰከንድ 144,000 ባይት ይሆናል። የ60 ደቂቃ ካሴት አንዱ ገጽ 30 ደቂቃ ነው፤ ይህም 259,200,000 ባይት ነው። ማመጣጠኛችን ይዞ የሚያቆየው 3 ሰከንድ ደግሞ 144,000 ናሙና፣ ማለትም 432,000 ባይት ነው።

ጊዜን ስለ መጻፍ

ሌላው የመጀመሪያ ስህተታችን ጊዜው ላይ ነበር። ከማጠራቀሚያው ለምናወጣው ድምፅ አሁን በገባው በፈር ላይ ያለውን ጊዜ ጻፍንበት። የሚወጣው ድምፅ ግን የገባው ከ3 ሰከንድ በፊት ነው። ስለዚህ ከድምፁ ጋር ያያዝነው የዕብራይስጥ ትርጉም ጽሑፍ ሁሉ በ3 ሰከንድ ቀደመ። ትክክሉ እያንዳንዱ ናሙና ሲገባ የነበረውን ጊዜ ይዞ እንዲወጣ ማድረግ ነው።

ጊዜውን የምናሰላው ናሙና በመቁጠር ነው። የመጀመሪያውን ጊዜ እንይዛለን፣ ከዚያ ወዲህ ያሳለፍነውን ናሙና ለ48,000 አካፍለን እንደምራለን። የእያንዳንዱን በፈር ርዝመት አጠጋግቶ መደመር አደገኛ ነው። 1,024 ናሙና 21.333 ሚሊሰከንድ ነው። 21 ብለን ብናጠጋጋው በ30 ደቂቃ ውስጥ 84,375 በፈር ስላለ 28 ሰከንድ ያህል እንጎድላለን። በናኖሰከንድ ብናጠጋጋ ጉዳቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ናሙና መቁጠር ግን ከነአካቴው አይጎድልም።

ከመሣሪያ በቀጥታ ስንቀዳ ሌላም ግዴታ አለ። ቧንቧው «ምን ያህል ታዘገያለህ?» ብሎ ሲጠይቀን «3 ሰከንድ» ብለን እውነቱን መመለስ አለብን። ካልመለስን በቧንቧው መጨረሻ ያለው ኤለመንት ድምፁ ዘግይቶ ደረሰ ብሎ ሊጥለው ይችላል።

ኢቨንቱ ሲመጣ

ለኢቨንት ሌላ ፈንክሽን አለ። የሚመጡበት ሥርዓት የታወቀ ነው፦ «ስትሪም ስታርት»፣ ቀጥሎ «ካፕስ»፣ ቀጥሎ «ሴግመንት»፣ ከዚያ በፈሮቹ፣ በመጨረሻ «ኢኦኤስ»። አቦል ሳይጠጣ ቶና እንደማይቀዳው ሁሉ እዚህም ቅደም ተከተሉ አይዛባም። አንድ በአንድ እንያቸው።

«ስትሪም ስታርት» አዲስ ፍሰት መጀመሩን ያበሥራል። እኛ የምንጨምርበት ስለሌለን እናሳልፈዋለን።

«ካፕስ» የዳታውን ዓይነት ይናገራል፦ በሰከንድ ስንት ናሙና፣ ስንት ቻናል፣ በስንት ቢት። አንብበን እንይዘዋለን። በመካከል አዲስ «ካፕስ» ቢመጣ ግን በእጃችን ያለው 3 ሰከንድ የተለካው በድሮው መስፈሪያ ነው። አስቀድመን በድሮው መስፈሪያ አሟጥጠን እንልካለን፣ ከዚያ አዲሱን እንቀበላለን።

«ሴግመንት» ከዚህ በኋላ የሚመጡት በፈሮች ጊዜ እንዴት እንደሚነበብ ይናገራል፦ ከየት ይጀምራል፣ የት ያበቃል፣ በምን ፍጥነት ይሄዳል። እዚህም ሕጉ አንድ ነው፤ የያዝነውን ሳንልክ አዲሱን «ሴግመንት» ካሳለፍን የድሮው ድምፅ በአዲሱ ሰዓት ይነበባል።

«ኢኦኤስ» ፍሰቱ አልቋል ማለት ነው። በቅፍለቱ ቋንቋ «ከእኔ በኋላ በቅሎ የለም» የሚል መልእክተኛ ነው። የእኛ ጥፋት ይኸው ነው። «ኢኦኤስ» ሲመጣ ምንም ሳናደርግ ወዲያው አሳለፍነው። ኬላችን ውስጥ ግን 3 ሰከንድ ጭነት ነበር። መልእክተኛው ወደ ፊት ሄዶ «አልቋል» አለ፤ ፋይል ጸሐፊው ፋይሉን ዘጋ፤ እኛ ዘንድ የቀረው ቧንቧው ሲፈርስ አብሮ ተጣለ። ሁሉም የታዘዘውን ስላደረገ ማንም ስህተት አላለም። «ኢኦኤስ» ካለፈ በኋላ እንላክ ብንል እንኳ መንገዱ ተዘግቷል። ስለዚህ ትክክሉ ይህ ነው፦ «ኢኦኤስ» ሲመጣ ማጠራቀሚያው ባዶ እስኪሆን መላክ፣ ከዚያ ብቻ «ኢኦኤስ»ን ማሳለፍ።

«ፍለሽ ስታርት» በፈረስ የሚጋልበው መልእክተኛ ነው። አድማጩ ወደ ሌላ ቦታ ሲዘል «በመንገድ ላይ ያለውን ሁሉ ተዉት» ብሎ ያልፋል። ወዲያው ማሳለፍ አለብን፤ ይዘነው ከቆየን ቧንቧው ይቆለፋል። በዚህ ጊዜ ግን ማጠራቀሚያውን አንነካም። ይህ ኢቨንት በሰልፉ ስለማይሄድ በሌላ ትሬድ በኩል ሊመጣ ይችላል፤ «ቼይን» ያንኑ ማጠራቀሚያ እየተጠቀመበት ይሆናል።

«ፍለሽ ስቶፕ» ተከትሎት ይመጣል፤ እሱ በሰልፉ ነው የሚሄደው። ማጠራቀሚያውን የምናጸዳው፣ የናሙና ቁጥሩን ወደ ዜሮ የምንመልሰው፣ የያዝነውን «ሴግመንት» የምንረሳው እዚህ ነው። ልብ በሉ፦ በ«ኢኦኤስ» ጊዜ የያዝነውን እንልካለን፤ በ«ፍለሽ ስቶፕ» ጊዜ እንጥላለን። እነዚህን ሁለቱን ያምታታ ወይ ድምፅ ያጠፋል፣ ወይ አሮጌውን ከአዲሱ ይቀላቅላል።

የማናውቀው ኢቨንት ቢመጣስ? ለማዕቀፉ የተለመደ አያያዝ እንሰጠዋለን፤ እሱ ወደሚገባው ያሳልፈዋል። ያላወቅነውን መልእክተኛ ኬላ ላይ ማስቀረት አይፈቀድም። «ኢኦኤስ»ን ሳያሳልፍ የሚያስቀር ፕለጊን ካለ ቧንቧው መጨረሻውን እየጠበቀ ለዘላለም ይቆማል። የዋቭ ፋይል የሚጽፈው ኤለመንትም በፋይሉ ራስ ላይ የድምፁን ርዝመት የሚሞላው «ኢኦኤስ» ሲደርሰው ነው፤ ካልደረሰው ራሱ ያልተሞላ ፋይል ይተርፈናል። ስለዚህ ቀረጻ ስታቆሙ ፕሮግራሙን በድንገት አትግደሉት። «ኢኦኤስ» ላኩ፣ መጨረሻው መድረሱን የሚያበሥረው መልእክት እስኪመጣ ጠብቁ፣ ከዚያ ዝጉ።

መፈተኛ

ከዚያ ወዲህ አንድም ፕለጊን ሳንፈትን አንጠቀምም። ፈተናው ቀላል ነው። «ኦዲዮ ቴስት ሶርስ» የሚባለው ኤለመንት 1,000 በፈር፣ እያንዳንዱ 480 ናሙና እንዲያወጣ እናዘዋለን። የገባው 480,000 ናሙና ነው፤ የወጣውን እንቆጥራለን። የድሮው ፕለጊናችን 336,000 ብቻ አወጣ። የጎደለው 144,000 ነው፤ በ48,000 ሲካፈል 3 ሰከንድ። በመጀመሪያው ቀን ይህን ቆጥረን ቢሆን ኖሮ የ10 ደቂቃ ሥራ ነበር።

ኢቨንቶቹን አንድ በአንድ ማየት ከፈለጋችሁ «ጂስት ዲበግ» የሚባለውን ተለዋዋጭ ለራሳችሁ ፕለጊን ብቻ 5 አድርጉት፤ ፕለጊናችሁ እስከዚያ ደረጃ የሚመዘግበውን ከነጊዜው ይጽፍላችኋል። ፈተናውን በኮድ ለመጻፍ ደግሞ «ጂስት ሃርነስ» የሚባለው መሣሪያ ያለ ሙሉ ቧንቧ አንዱን ኤለመንት ብቻውን ለመፈተን ያገለግላል።

መልመጃ

1. ፕለጊናችሁ 2 ሰከንድ ይይዛል፤ ድምፁ በሰከንድ 44,100 ናሙና ነው። «ኢኦኤስ» ሲመጣ ቢያንስ ስንት ናሙና መላክ አለባችሁ?

2. ካሴቱ ከ3 ሰከንድ ያነሰ ድምፅ ብቻ ቢኖረው የድሮው ፕለጊናችን ምን ያወጣ ነበር? አዲሱስ?

3. አድማጩ ወደ ሌላ ቦታ ከዘለለ በኋላ ለአፍታ የድሮው ድምፅ ተሰማ። የቱ ኢቨንት ነው በትክክል ያልተያዘው?

የተረፈውና ያልተረፈው

ስህተቱን ካረምን በኋላ ያስረከብናቸውን ካሴቶች ለመሰብሰብ በየቤቱ ዞርን። የእናታችንን ካሴት እንደገና ቀዳን፤ ቴፑ ቻለልን። «በኢየሩሳሌም ያገናኘን» የሚለው አሁን ፋይሉ ላይ አለ። ሌሎቹንም አገኘናቸው። አንድ አባት ግን ፋይሉን በስልካቸው ካስገባንላቸው በኋላ ካሴቱን ጥለውት ነበር። «እናንተ ይዛችሁታል ብዬ ነው» አሉን። ይዘነው ነበር፤ 3 ሰከንድ ሲቀረው። በዚያ 3 ሰከንድ ምን እንደተባለ እሳቸውም አያስታውሱም። ይቅርታ ጠየቅናቸው፤ እሳቸውም መረቁን እንጂ አልተቆጡንም። ይህ ግን ከቁጣ የከበደ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ሕግ አለን። አንደኛ፣ ከካሴቱ የሚመጣውን ድምፅ በቧንቧው ላይ «ቲ» በሚባለው ኤለመንት ለሁለት እንከፍለዋለን፤ በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ላይ «ኪው» እናደርጋለን። አንዱ ምንም ሳይነካ እንዳለ ይጻፋል፤ ማመጣጠኛው የሚሠራው በሁለተኛው ላይ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ባለቤቱ እስከ መጨረሻው ሰምቶ «አዎ፣ አልቋል» ሳይል ሥራው አለቀ አንልም።

ወላጆቻችን፣ እናንተንም አንድ ነገር እንለምናለን። ካሴት ወደ ፋይል ቢገለበጥላችሁም ካሴቱን አትጣሉት። ከፀሐይና ከእርጥበት ርቆ በሣጥን ይቀመጥ። እናንተ ጓደኞቻችን ደግሞ ምንም ዓይነት ፕለጊን ብትጽፉ «አልቋል» የሚለው መልእክት ሲደርሳችሁ ወዲያው አታሳልፉት። አስቀድማችሁ በእጃችሁ የቀረ እንዳለ እዩ።